ከሐዋሳ ተነስቶ በሳይክል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ጠዋት በሐዋሳ ሰሜን መውጫ፣ ጥቁር ውሃ ድልድይ ጋ ቆሜ ውሃ ስጠጣ የማላውቀው ሰው ጠጋ ይልና ይጠይቀኛል። «ከየት ነው?» «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» «አይደክምም?» አንዳንዱ ሳይክሉን በአንድ እጁ አንስቶ ይመዝነዋል። በስልክ የሚመጡትም ጥያቄዎች ከነዚህ ብዙ አይርቁም። መልሱን በየቀኑ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው።

ሐዋሳ እኮ ሜዳ ናት። ማን ይቸገርባታል?

ከተማው ሜዳ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም በሳይክል የሚሄደው ለዚህ ነው። ሜዳው ግን ያታልላል። እዚህ ሦስት ወር የነዳ ሰው ጉልበቱ የጠና ይመስለዋል። ከተማውን ለቆ አሥር ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነው ልኩን የሚያውቀው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ሐይቁ የአካባቢው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። እንግዲህ ከሐይቁ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር መንገዱ ውሎ አድሮ ሽቅብ ይሆናል። ደስ የሚለው ግን መመለሻው ነው። ጉልበታችሁ ሲያልቅ ቁልቁለቱ ይቀበላችኋል። አዲስ አበባ ላይ እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ይህን አያገኝም።

ለመጀመሪያ ቀን የት ልሂድ?

ከከተማው አትውጡ። ከገብርኤል አደባባይ ቁልቁል ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ዳር፣ ውረዱ፤ ከዚያ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ከዚያ በከተማው ሰፋፊ መንገዶች ዞራችሁ ወደ ገብርኤል ተመለሱ። ሁለት ሦስቴ ብትዞሩት ለአንድ ጠዋት ይበቃል። ሐይቁ ዳር ያለው መሄጃ ላይ ሰው ከበዛ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ። ፍቅረኞች ፊት ደወል መደወል ደግ አይደለም።

የዚህ ዙር ጥቅሙ ሳይክሉን መፈተሽ ነው። ፍሬኑ ይይዛል? ካቴናው ይዘላል? ኮርቻው ልክ ነው? ይህን ሁሉ ቤታችሁ አጠገብ ማወቅ ይሻላል። ታቦር ተራራን የሚጠይቁኝም አሉ። እሱን በእግር ውጡት፤ እይታው ያምራል። ለኮርሳ፣ ለባለ ቀጭን ጎማው የአስፋልት ሳይክል፣ ግን ቦታው አይደለም።

ወደ ሻሸመኔ መንገዱ እንዴት ነው?

25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ነው፤ ቀስ እያለ ይወጣል። ዳገቱ በዓይን አይታይም፤ እግር ነው የሚያውቀው። «ዛሬ ምን ነካኝ፣ ጎማው ተንፍሶ ይሆን?» ብላችሁ ወርዳችሁ ካያችሁ አትፈሩ፤ ሁላችንም አድርገነዋል። ጎማው ደህና ነው። ሽቅብ እየሄዳችሁ ነው።

ጥቁር ውሃን ስታልፉ በቀኝ በኩል የጨለለቃ ረግረግ አለ። ወንዙ ከዚያ ተነስቶ ነው ወደ ሐይቁ የሚገባው። ጠዋት ላይ ጉሙ ሣሩ ላይ ተኝቶ ከብቶቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ይህን ለማየት ብቻ ወጥቼ ድልድዩ ጋ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ችግሩ መንገዱ ዋና አውራ ጎዳና መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚሄደው ሁሉ በዚሁ ያልፋል። ሲኖ ትራክ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በግ። ከሁሉ የምፈራው የጫት መኪናን ነው። ጫት ሰዓት አለው፤ ሹፌሩም ያውቀዋል። ከኋላ ረጅም ጥሩምባ ከሰማችሁ አትከራከሩ። ከአስፋልቱ ውረዱ፣ ይለፍ፣ ተመለሱ።

ሻሸመኔ መሐል ከገባችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የሃላባና ወላይታ፣ የኮፈሌና ባሌ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። እኔ መናኸሪያው አካባቢ ሁልጊዜ ወርጄ እገፋለሁ። ጃማይካ ሰፈርን ማየት የሚፈልግ ከተማውን አልፎ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ይሂድ።

ወንዶ ገነትስ? ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሻሸመኔ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከሻሸመኔ ግርግር ወጥታችሁ ወደ ወንዶ ስትታጠፉ አየሩ ይለወጣል። ጥላ ይበዛል፤ ጫቱ፣ ሸንኮራው፣ እንሰቱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። ጉድጓድ ግን ጠብቁ። ጥላ ውስጥ ጉድጓድ አይታይም። የፀሐይ መነጽር ያደረገ ደግሞ ጨርሶ አያይም።

ፍል ውሃው ጋ ስትደርሱ ሳይክሉን ለጥበቃው አደራ በሉና ግቡ። ከመታጠቢያው ከፍ ብሎ ውሃው ከምንጩ ሲወጣ በጣም ይፋጃል፤ ሰዎች ድንችና በቆሎ ይቀቅሉበታል። ምክሬ ይህ ነው፦ ድንቹን ብሉ፣ ፍል ውሃው ውስጥ ግን ብዙ አትቆዩ። አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ ተዘፍዝፌ ስወጣ እግሬ ጨርቅ ሆነ። መመለሻው ቁልቁለት ባይሆን ኖሮ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ነበር የምገባው።

ዳገት እፈልጋለሁ። እውነተኛ ዳገት።

ኮፈሌ። ከሻሸመኔ በባሌ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ኮፈሌ ያለችው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳ ቁርስ በልታችሁ ከተነሳችሁ ምሳ ሰዓት ላይ ደጋ ናችሁ ማለት ነው። ጎጆው ይለወጣል፤ ገብሱ ይመጣል፤ ፈረሰኛ ጋቢውን ተከናንቦ ያልፋችኋል። አዎ፣ ያልፋችኋል። እኔን አንድ ሽማግሌ በበቅሎ አልፈውኝ «አይዞህ ልጄ» ብለውኛል።

ጃኬት ያዙ። ሐዋሳ ላይ ጃኬት የያዘ ሰው ሞኝ ይመስላል። ኮፈሌ ላይ ያልያዘው ነው ሞኙ። በላብ ረጥባችሁ ያን ቁልቁለት ስትወርዱ ብርዱ ጣታችሁን ያደነዝዘውና ፍሬን መያዝ ያቅታችኋል። ፍሬኑንም በአንድ ትንፋሽ አትያዙት፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉ።

በደቡብ መውጫ በኩል ምን አለ?

ቱላ፣ ሞሮቾ፣ ከዚያ አፖስቶ፣ ከአፖስቶ ገባ ብሎ ይርጋለም። እስከ ይርጋለም 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሰሜኑ በተለየ ይህ መንገድ ይወጣል ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ አንድ ማርሽ ላይ አትቆዩም። እግር የሚሠራው እንዲህ ያለ መንገድ ነው ባይ ነኝ።

ከቱላ ወዲያ ያለው የሲዳማ ገጠር ነው። እንሰት ከየቤቱ ጓሮ፣ ቡናው ከሥሩ፣ አቮካዶ በየዘንቢሉ። አፖስቶን አልፎ ወደ ዲላ አቅጣጫ የቀጠለ ሰው ደግሞ አናናስ መንገድ ዳር ተደርድሮ ያገኛል። ሻጯ ልጣ፣ ቆራርጣ ትሰጣችኋለች። እጃችሁ መጣበቁ አይቀርም፤ መሪውን ከመያዛችሁ በፊት ታጠቡ። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱን ግን አድራችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ይርጋለም የሚያድር ሰው ማታ የጅብ ድምፅ ይሰማል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ጨለማ ሳይዛችሁ ግቡ ለማለት ነው። ከዚህም በላይ መውጣት የሚፈልግ፣ ከአለታ ወንዶ ወዲያ ሀገረ ሰላም አለ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ። ኮፈሌን ሳትሞክሩ አታስቡት።

ሐይቁን በሳይክል መዞር ይቻላል?

በኮርሳ አይሞከርም። ሙሉ ዙሩን የሚያያዝ አስፋልት የለም። በምዕራቡ በኩል ኮረኮንችና የእግር መንገድ ነው የሚጠብቃችሁ። ወፍራም ጎማ ያለው ማውንቴን ያላችሁ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሞክሩት። በዝናብ ጊዜ እሱም አይሆንም። ጭቃው ፍሬን ውስጥ ይገባና ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ያኔ ሳይክሉ ነው እናንተን የሚነዳችሁ።

ስንት ሰዓት ልነሳ?

ከሁሉም ጥያቄ ዋናው ይህ ነው። ማንም አይጠይቀኝም እንጂ።

ሰው የሚጨነቀው ስለ ኪሎ ሜትሩ ነው። እዚህ አገር ግን መንገዱን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው የተነሳችሁበት ሰዓት ነው። ልክ ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ያኔ የከባድ መኪናው ብዛት ገና ነው። አስፋልቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ንፋስ የለም። እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ይነሳል። የሐይቁን ጀልባ ነጂዎች ጠይቋቸው፤ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ከሰዓት ይናወጣል። ውሃውን የሚንጠው ንፋስ እናንተንም ይገፋችኋል።

ያው 25 ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት አንድ ነገር ነው፤ በ9 ሰዓት ሌላ። ከቀኖቹ እሁድን እመርጣለሁ። የመንገድ ዳር ከተሞችን የገበያ ቀን ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በገበያ ቀን መንገዱ የእግረኛ ነው።

በክረምት ይነዳል?

ይነዳል፤ ጠዋት ጠዋት። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ሐዋሳ ግን በበልግም ይዘንብባታል፤ መጋቢት ሲገባ ደረቅ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ለረጅም መንገድ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመቻል።

ከዝናብ በኋላ አስፋልት ላይ ጭቃ የሚያወጡት ከገጠር መንገድ የሚገቡ መኪኖች ናቸው። መገናኛው ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ኩሬ ያለበትን ቦታ ደግሞ ዙሩት። ጥልቀቱን ከመኪናው ቀድሞ መለካት የእናንተ ሥራ አይደለም።

ምን ዓይነት ሳይክል ያስፈልገኛል? መንገድ ላይ ቢበላሽስ?

እዚህ ከገለጽኳቸው መንገዶች አብዛኛውን በማንኛውም ደህና ሳይክል መሄድ ይቻላል። ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሹ ይግባ፣ ሌላው ትርፍ ነው። ኮርሳ ካላችሁ ካገኛችሁት ሁሉ ወፈር ያለውን ጎማ ግጠሙ። በጣም ቀጭን ጎማ እዚህ ቅንጦት ነው።

ስለ ብልሽት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞሮቾ አጠገብ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፍ ካላማዳሪ አልያዝኩም ነበር፤ «ዛሬ እንኳ ቅርብ ነው የምሄደው» ብዬ። ገፍቼ አንድ ጎሚስታ ጋ ደረስኩ። አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ካላማዳሪውን አወጣ፣ ከንፈሩን ቫልቩ ላይ አድርጎ በአፉ ትንሽ ነፋው፣ ከዚያ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ ዙሪያውን አዞረው። አረፋ ቡልቅ ሲል አውራ ጣቱን ጣል አደረገበት። «ይኸው።» በአሸዋ ወረቀት አሸት አሸት፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ላስቲክ፣ ጫን። ሥራው ከኔ ሥራ መቶ እጥፍ ይጠራል። ከዚያ ፖምፓውን አነሳና ቫልቩን አየ። ደግሞ አየው። ፖምፓው የወፍራም ቫልቭ ነው፤ የኔ ቀጭን። ሳቅ አለና «ጋሼ፣ ይሄ የሳይክል ነው ወይስ የመርፌ?» አለኝ። ሐዋሳ በሚኒባስ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ካላማዳሪ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ የቀጭኑን ቫልቭ ወደ ወፍራም የሚቀይረውን ትንሽዬ ነሐስ እና መፍቻ ሳልይዝ አልወጣም። ነሐሱ ከሳንቲም አይበልጥም። ኪስ ውስጥ ይጠፋል፤ እኔ ከቤት ቁልፌ ጋር አስሬዋለሁ።

ከውጭ አገር ስመጣ ሳይክሌን ይዤ ልምጣ?

ለሁለት ሳምንት ከሆነና ደህና ሳይክል ካላችሁ አምጡት። የመለዋወጫ ነገር ግን ከዚያው ይዛችሁ ኑ። የኮርሳ ጎማና ካላማዳሪ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የካቴና ማያያዣ እዚህ ስትፈልጉት የለም፤ ሳትፈልጉት ነው የምታገኙት። የዲስክ ፍሬን በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት አሳዩት።

ሌላው ከፍታው ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው የለመደው የባሕር ጠለል አየር ነው። 1,700 ሜትር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ትንፋሽ ያጥራል። እርጅና አይደለም፤ አየሩ ነው። እስኪለመድ ከተማው ውስጥ ዙሩ።

ልጆች ይሮጡብኛል፤ ድንጋይም ይወረውራሉ ይባላል። እውነት ነው?

መሮጡ እውነት ነው። ድንጋዩም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ አልዋሽም። ከልምዴ ያየሁት ግን ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ሰው ላይ ነው የሚበዛው። ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ከጥቁር ውሃ ወዲያ «አካም!»፣ ከቱላ ወዲያ «ኬሬ!»። ልጁ ይደነግጥና ይስቃል። ድንጋዩ ከእጁ ሲወድቅ ያየሁበት ጊዜ አለ።

«ጋሼ፣ ጎማህ ይዞራል!» የምትለዋ ቀልድ ደግሞ አትቀርም። አባቶቻችን ሳይክል ሲነዱም ነበረች። ደንግጦ ወርዶ ጎማውን ያየ ሰው መንደሩን ለሳምንት ያስቃል።

ሴት ነኝ። ብቻዬን ብወጣስ?

እኔ ወንድ ስለሆንኩ አብራን የምትነዳ ጓደኛችንን ጠየቅኋት። መልሷ አጭር ነው፦ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ትነዳለች፤ ከጥቁር ውሃና ከቱላ ወዲያ ግን ሰው ይዛ ነው። ለከፋው የሚበዛው መናኸሪያና ባጃጅ ተራ አካባቢ ነው ትላለች፤ ስለዚህ እዚያ አትቆምም። ውሃ ለመጠጣት የምትቆመው ሴቶች ቡና የሚያፈሉበት ቦታ ነው። ለነገሩ ይህ ለወንድም ይሠራል፤ ቡናው አለ።

በፈጣን መንገዱ ላይ መንዳት ይቻላል?

አይቻልም። የክፍያ ፈጣን መንገድ ለሳይክል አይደለም። በአሮጌው መንገድ ሂዱ።

ጸጥታውስ?

በወጣችሁበት ዋዜማ ጠይቁ። ያለፈ ሳምንት ወሬ አይበቃም። ለዚህ ከሚኒባስ ሹፌርና ረዳት የተሻለ ሰው የለም፤ መንገዱ ላይ ነው የሚውሉት። «ዛሬ ወደ ይርጋለም ሰላም ነው?» ብላችሁ መናኸሪያ ብትጠይቁ በአንድ ደቂቃ መልስ ታገኛላችሁ። «ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅር። መታወቂያ ያዙ። ኬላ ላይ ስትደርሱ ከሳይክል ውረዱ፣ መነጽር አውልቁ፣ ሰላምታ ስጡ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ውጡ።

መንገድ ላይ ምን ልብላ፣ ምን ልጠጣ?

በሶ። ከውጭ የመጡ ጓደኞቼ ባለቀለም ዱቄት በጠርሙስ ሲበጠብጡ እኔ በሶዬን በስኳርና በቁንጥጫ ጨው እመታለሁ። ቀጠን ይበል፤ ከወፈረ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል። ሙዝና ዳቦ በየመንገዱ አለ። ቆሎ ግን እየነዳችሁ አትቃሙ፤ ትንታ ይይዛችኋል። ለረጅም ጉዞ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ያዙ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ውሃ ሁለት ሊትር ያህል ይዛችሁ ውጡ፤ የታሸገ ውሃ በየከተማው ትሞላላችሁ።

ስመለስስ?

አሞራ ገደል። ዓሣው ጠዋት ከጀልባ ይወርዳል፤ ሾርባውም፣ ጥብሱም፣ ለለመደው ጥሬውም አለ። ለደከመ እግር የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ የሚያህል የለም። ከ5 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ሲረፍድ ደህና ደህናው ያልቃል።

ሳይክላችሁን ከዛፍ ሥር አታቁሙ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ሾርባዬን ጨርሼ ስወጣ ኮርቻው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ።